የትራንስፖርት ተፅዕኖ ግምገማ፦ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የሚጠና ጉዳይ

ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሊገነባ ሲታሰብ አልሚው አፈሩን ያስመረምራል፣ የብረቱን መጠን ያሰላል፣ ውሃና መብራት ከየት እንደሚገባ ያስጠናል። ሕንፃው ሥራ ሲጀምር ስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ተሳፍሮ እንደሚመጣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው መንገዱ ከተዘጋጋ በኋላ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያሰላው ጥናት በእንግሊዝኛ «ትራፊክ ኢምፓክት አሰስመንት» ይባላል።

ለአማርኛው መነሻ የሚሆን ስም በሕጋችን አለ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 «የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ» የሚለውን አጠራር አስለምዶናልና «የትራፊክ ተፅዕኖ ግምገማ» ብንል ማንም ይረዳዋል። እኔ ግን «የትራንስፖርት ተፅዕኖ ግምገማ» የሚለውን እመርጣለሁ። «ትራፊክ» ሲባል ቀድሞ የሚታየን ፖሊሱ፣ ካልሆነም የተኮለኮለው መኪና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ሆኖ ሳለ እግረኛውን የሚያስረሳ ስም ጥናቱንም ከጅምሩ ያጣምመዋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። 200 መኖሪያ ቤቶች፣ ከሥሩም ሱቆችና ክሊኒክ ያሉት ሕንፃ ታሰበ እንበል። አጥኚዎቹ መጀመሪያ ያለውን ሁኔታ ይቆጥራሉ፦ በዙሪያው ባሉ መስቀለኛ መንገዶች በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚያልፈውን መኪና፣ የሚሻገረውን እግረኛ፣ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፈኛ። ቆጠራው ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት መሆን አለበት፤ በክረምት የተቆጠረ መንገድ መስከረም ላይ ሌላ መንገድ ነው። ከዚያ ሕንፃው የሚያመጣውን ጉዞ ይገምታሉ፣ ከየት እንደሚነሳና ወዴት እንደሚያቀና ያከፋፍላሉ፣ ምን ያህሉ በእግር፣ በታክሲ፣ በአውቶቡስ ወይም በግል መኪና እንደሚሆን ይለያሉ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚፈስም ያሰላሉ። በመጨረሻ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ይቀመጣል፦ ሕንፃው ባይሠራ መንገዱ የሚኖረው ሁኔታና ሕንፃው ሲሠራ የሚሆነው። የጥናቱ ፍሬ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አስቸጋሪው የጉዞውን ብዛት መገመት ነው። በአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበር ለየሕንፃው ዓይነት የጉዞ መጠን የሚሰጥ መመሪያ ያሳትማል፤ በእሱ ስሌት አንድ ለብቻው የቆመ መኖሪያ ቤት በማታው የመውጫ ሰዓት አንድ ያህል የመኪና ጉዞ ያመነጫል። የካሊፎርኒያው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ይህን ዓይነቱን አኃዝ አጥብቀው ተችተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው እትም መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ ምግብ የሚገዛበት ምግብ ቤት በየ1,000 ስኩዌር ጫማው በቀን 632.125 ጉዞ ያመነጫል ይላል፤ ከነጥብ በኋላ ሦስት አኃዝ ያለው ይህ ቁጥር የቆመው በስምንት ጥናቶች ላይ ብቻ ነበር። የቀድሞው መረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበውም ፓርኪንግ ነፃ ከሆነባቸውና አውቶቡስ እምብዛም ከሌለባቸው የከተማ ዳር ሰፈሮች ነው። ያንን ቁጥር አምጥቶ አያት ላይ ወይም ጀሞ ላይ ማሳረፍ ጥናት አይባልም። እዚያው ሰፈር ያለ ተመሳሳይ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ቆሞ መቁጠር ይሻላል።

ሌላው ጥያቄ ጉዳቱ በምን ይለካ የሚለው ነው። የተለመደው መለኪያ መስቀለኛ መንገዶችን ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ መብራት ባለበት መስቀለኛ አንድ መኪና በአማካይ ከ80 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ደረጃው «ኤፍ» ነው። ችግሩ፣ መለኪያው የመኪና መዘግየት ብቻ ሲሆን መፍትሔውም መንገድ ማስፋት ብቻ ይሆናል፤ መንገዱ በሰፋ ቁጥር አሮጊቷ የምትሻገረው ርቀት ይረዝማል። ካሊፎርኒያ ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ መነሻነት ከሐምሌ 2020 ጀምሮ በአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቶቿ ውስጥ የመኪና መዘግየትን እንደ ጉዳት መቁጠር ትታለች። አሁን የምትጠይቀው ግንባታው ሰዎችን ምን ያህል ርቀት በመኪና እንዲነዱ ያስገድዳል የሚለውን ነው። ለእኛ ደግሞ ሌላም ልኬት ያስፈልገናል፦ እግረኛው መብራት ጋ ስንት ሰከንድ ይቆማል? የታክሲ ሰልፉ በምን ያህል ይረዝማል?

ትልቁ ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሩ ላይ ነው። የቤዝመንት ፓርኪንግ መውጫው ለአደባባዩ ተጠግቶ ከተከፈተ፣ የሚወጣው መኪና መንገዱ እስኪለቀቅ አፍንጫውን የእግረኛ መንገዱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። እግረኛው ዞሮ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። እዚያው ተሳፋሪ የሚያወርደው ሚኒባስ ቦታ ሲያጣ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆለፋል። ንድፉ ወረቀት ላይ እያለ ይህን ማስተካከል በሩን ወደ ጎን መንገድ ማዞር ብቻ ነው። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ግን የሚቀረው ጥበቃ አቁሞ በፊሽካ መኪና ማስወጣት ነው።

ስለዚህ ጥናቱ ከግንባታ ፈቃድ በፊት መቅረብ አለበት። መፍትሔ ተብለው የተዘረዘሩት ማለትም የታክሲ መጫኛው፣ ማቋረጫው፣ የበሩ ቦታ፣ የፓርኪንጉ ብዛት በፈቃዱ ላይ እንደ ግዴታ ተጽፈው፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ተለይቶ፣ ነዋሪው ቁልፍ ከመረከቡ አስቀድሞ መጠናቀቅ ይኖርባቸዋል።