የኩሎም የብር ሽቦ

እ.ኤ.አ. በ1785 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ኤሌክትሪክ ጥናት ያቀረበው ሻርል ኦጉስተን ደ ኩሎም በሙያው የጦር መሐንዲስ ነበር። በካሪቢያኗ ማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያስገነባ ስምንት ዓመት ገደማ ቆይቶ ጤናው ታውኮ ነው አገሩ የገባው። ጥናቱን የወለደው ግን ይኸው የመሐንዲስ ዕውቀቱ ነው። ቀጭን ሽቦ ሲጠመዘዝ የሚታገልበት ጉልበት በተጠመዘዘበት ማዕዘን ልክ እንደሚጨምር በ1784 አሳይቶ ነበር። እንግዲህ ማዕዘኑን ያነበበ ጉልበቱን አነበበ ማለት ነው።

በዚህ መርህ የሠራው ሚዛን ባለ ክዳን የመስታወት ሲሊንደር ነው። ከላይ በቆመ ቱቦ ውስጥ እጅግ ቀጭን የብር ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ሽቦው አግድም ዘንግ፣ ዘንጉ ደግሞ በጫፉ ትንሽ ኳስ ይዟል። ሌላ ኳስ አጠገቡ ተተክሏል። ሁለቱ ኳሶች ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ሲያገኙ ይገፋፋሉ፤ ዘንጉ ዞሮ ሽቦውን ይጠመዝዛል። ሲሊንደሩን የዞረው ወረቀት ዲግሪውን ያሳያል።

ኩሎም በዚህ ጥናቱ ያሳተመው ሦስት ንባብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ኳሶቹ 36 ዲግሪ ተራራቁ። ሽቦውን ከላይ 126 ዲግሪ ሲያጠማዝዘው ርቀቱ 18 ሆነ፤ ጠቅላላ ጥምዘዛው 144፣ ማለትም የመጀመሪያው አራት እጥፍ። 567 ዲግሪ ሲያደርሰው ርቀቱ 8.5፣ ጥምዘዛው 575.5 ሆነ፤ አሥራ ስድስት እጥፍ ያህል። በስሌቱ ርቀቱ 9 መሆን ነበረበት፤ የጎደለችውን ግማሽ ዲግሪ ግን አልሸሸገም። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ አራት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው።

ሕጉ ከሁለት በላይ ሙሎች በአንድ መስመር ሲደረደሩም ይሠራል፤ የእያንዳንዱ ጥንድ ጉልበት ለብቻው ይሰላና እንደ አቅጣጫው ይደመራል ወይም ይቀነሳል። አንደኛው የሌላውን አራት እጥፍ የሆነ ሁለት ተመሳሳይ ዓይነት ሙሎች በ3 ሜትር ቢራራቁ፣ በመካከላቸው ከትንሹ 1 ሜትር ላይ የተቀመጠ ተመሳሳይ ዓይነት ሦስተኛ ሙል ግፊቱ ከሁለቱም ወገን እኩል ይሆንበታል።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ ይህንኑ ሕግ ቀድሞ ቢደርስበትም አላሳተመውም፤ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል የካቨንዲሽን ጽሑፎች ለኅትመት ያበቃው በ1879 ነው። በ1881 የፓሪስ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የሙል መለኪያውን በኩሎም ስም ሰየመው። ይሁንና በ1 ሜትር ርቀት የተቀመጡ ሁለት የ1 ኩሎም ሙሎች 9 ቢሊዮን ኒውተን ያህል ይገፋፋሉ፤ በስሙ የተጠራው መለኪያ በራሱ ሚዛን ላይ ከቶ ሊወጣ አይችልም።