ሚኒማሊዝም፦ የመብቃቃት ኑሮ

አሰላም ሆነ አዲስ አበባ፣ አቅም ያለው ቤት ሳሎን ውስጥ ቡፌ አይጠፋም። ከመስታወቱ ጀርባ የተደረደረው ብርጭቆና ሳህን “ለእንግዳ” ነው። እንግዳው ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ከጓዳው ነው። ሚኒማሊዝም የሚባለው ቃል ጣቱን የሚቀስረው እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ ነው።

ቃሉ “እጅግ ትንሹ” ከሚል የላቲን ሥር የመጣ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ ጌጥ የራቃቸው ሥዕሎችና ቅርጻ ቅርጾች ይጠሩበት ነበር፤ ወደ ኑሮ የተሻገረው በኋላ ነው። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ቤት ስለማስተካከል ያሳተመችው መጽሐፍ ብዙ ሰው ቁም ሣጥኑን እንዲፈትሽ አድርጓል። የሚኒማሊዝም ሐሳብ ቀላል ነው፦ የምትጠቀምበትን ያዝ፣ የቀረውን አሰናብት፤ ዕቃ በመግዛት፣ በመጠበቅና በመወልወል የሚያልቀው ገንዘብና ጊዜ ለሰውና ለዕረፍት ይተርፍሃል። ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ኢስተርሊንም በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ስትበለጽግ የሕዝቡ ደስታ በዚያው ልክ እንዳልጨመረ ጽፏል። ሰው ራሱን የሚለካው ከጎረቤቱ ጋር ነውና። በጥናቱ ላይ ያለው ክርክር ዛሬም አላበቃም።

በአማርኛ “የመብቃቃት ኑሮ” ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። ከቁጠባም ከምናኔም ይለያል፤ ቁጠባ የዛሬውን ለነገ ማቆየት ነው። ምናኔ ደግሞ ዓለምን ጥሎ መሄድ ነው፤ ሚኒማሊስቱ ደመወዙንም ትዳሩንም ይዞ እዚያው ከተማ ይኖራል።

ከድህነት ጋር ግን ፈጽሞ መምታታት የለበትም። ሯጩ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ከነበረው የገበሬ ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር፤ ግራ ክንዱን አጥፎ መሮጡም ደብተር ከመያዝ የቀረ ልማድ ነው ይባላል። ይህን ታሪክ የቀላል ኑሮ ምስክር የሚያደርጉ ሰዎች አይገቡኝም። ልጁ የሮጠው መኪና ንቆ አይደለም። ሲያሸንፍ ሆቴል ሠራ፣ ደግ አደረገ! “ይበቃኛል” ማለት የሚያምረው መጨመር ለሚችል ሰው ነው።

አሰላ ባለችበት በአርሲ ደጋ ለቃሉ የሚቀርበው እድር ነው። የለቅሶ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት በየቤቱ አይገዛም፤ የእድሩ አለ። ስንዴ አምራቹም አብዛኛው ኮምባይነር የለውም፤ መኸር ሲደርስ ተከራይቶ ያሳጭዳል። ማሪ ኮንዶ የምትፈትሸው የአንድ ቤት ቁም ሣጥን ነው፤ እዚህ ግን ዕቃው ያነሰው ሰፈሩ አንድ ላይ ስለያዘው ወይም ሰው ስለሚከራየው ነው። ተብቃቅቶ መብላትም ቢሆን ብቻውን ለሚበላ ሰው አይነገርም።

ቃሉን ለአርሲ ገበሬ የሚያስረዳ ሰው ከብቱን ባይነካበት ጥሩ ነው። በሬው ያርሳል፣ ላሟ ትታለባለች፤ ዝናብ ሲቀር ወይም ልጅ ሲታመም ወደ ገበያ የምትነዳውም እሷው ናት። የባንክ ደብተር ያለው የከተማ ሰው እንኳ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ገንዘብ “ትርፍ ዕቃ ነው፣ አሰናብት” ቢባል እሺ አይልም።