የስኳር ሽሮፕ

የስኳር ሽሮፕ፣ ስኳር በውሃ ሟሙቶና በእሳት ጠርቶ የሚገኝ፣ ለመጠጥ ማጣፈጫና ለኬክም ሆነ ለልዩ ልዩ ጣፋጮች ማራሻ የሚያገለግል ጥዑም ፈሳሽ ነው። በአዲስ አበባ በብዛት ሲሠራበት ለማየት የሚሻ ሰው በረመዳን ወር፣ ከአፍጥር ሰዓት አስቀድሞ፣ ወደ መርካቶ ወርዶ በታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ ቢመላለስ፣ ሙሸበክ በዘይት ተጠብሶ ትኩሱን ሽሮፕ ውስጥ ሲነከር፣ ባቅላባም በትሪ ላይ እንደ ተደረደረ ሽሮፑን ጠጥቶ ሲያብረቀርቅ ያገኛል።

ለሀገራችን ሰው ጥንታዊው ማጣፈጫ ማር ነው፤ በውሃ ሲበጠበጥ ብርዝ፣ ከጌሾ ጋር ሲጣል ጠጅ ሆኖ ከቤተ መንግሥት እስከ ገበሬ ቤት በክብር ኖሯል። ስኳር ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ ውድ ሸቀጥ ነበረና፣ ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ሸለቆ በወንጂ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው የሀገር ውስጥ ስኳር በኩንታል ወደ ገበያ የገባው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ምዕራብ ባዛወረ ጊዜ የተቆረቆረው መርካቶም ይህንኑ ሸቀጥ ለቸርቻሪው ከሚያከፋፍሉት ዋነኞች አንዱ ሆነ።

ለመጠጥ የሚሆነው ሽሮፕ 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ ተደርጎ የሚዘጋጀው ቀጭኑ ሲሆን፣ ከዚህም 1 ሊትር ከ6 ዲሲሊትር ያህል ይገኛል። ለባቅላባና ለመሰሎቹ ግን 2 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ ይሻላል። መጠኑ በሚዛን ቢለካ መልካም ነው፤ የስኳሩ ቅንጣት አንዴ ደቃቅ፣ አንዴ ሻካራ ስለሚሆን በስኒ የተለካ ሁሉ አይታመንም። ድስቱ በመካከለኛ እሳት ላይ ሆኖ ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ ይማሰላል፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ ግን ማማሰያውን ማውጣት፣ አረፋውን በጭልፋ መግፈፍ፣ በድስቱ ጎን የተጣበቀውን ቅንጣት በእርጥብ ጨርቅ ማጠብ፣ በመጨረሻም በንጹሕ ሻሽ ማጥለል ይገባል። ስኳር በባሕርዩ ወደ ቀድሞ አካሉ መመለስን ስለሚሻ፣ ሳይሟሟ የቀረ አንድ ቅንጣት ሌላውን ወደ ራሱ እየሳበ መላውን ሽሮፕ ሊያረጋው ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሎሚ ነው፤ ለ1 ኪሎ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ አብሮ ቢፈላ፣ አሲዱ ከስኳሩ ከፊሉን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሚከፍለው፣ የተለያዩ ዓይነቶች በአንድ ላይ በቀላሉ አይረጉም።

የአዲስ አበባ ሴትም ሆነ ወንድ፣ የውጭ ሀገር የጣፋጭ መጽሐፍ ገልጦ በቴርሞሜትር የሚሠራ ሁሉ፣ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ዐቢይ ጉዳይ አለ። በባሕር ጠረፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በመርካቶ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ መጽሐፉ 110 ዲግሪ ያለውን ሽሮፕ እኛ በ102 ማውረድ አለብን፤ እስከ 110 የጠበቀ ሰው ውሃውን ከልክ በላይ አትንኖ፣ ጣፋጩን የሚያርስ ሳይሆን የሚያደርቅና ወደ ከረሜላ የሚያደላ ነገር ያገኛል። ብዙ ትጉሃን ባለሙያዎች ጥፋቱን በራሳቸው እጅ ወይም በስኳሩ ላይ ሲያላክኩ፣ ምክንያቱ የምንኖርበት ደጋ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም።

መዓዛ ለመስጠት ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ዝንጅብል ወይም የብርቱካን ልጣጭ አብሮ ይፈላል፤ በጠርሙስ ከሚሸጠው ቫኒላ ይልቅ በመርካቶ የቅመም መደብሮች በቅርብ የሚገኘውን ኮረሪማ መምረጥ፣ በእኔ አስተያየት፣ ለጣዕሙም ለሀገሩም የሚስማማ ነው። ባቅላባ ሲራስ ወይ ሽሮፑ ወይ ጣፋጩ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ቅጠሉ ይላቁጣል። በአጽዋማት ጊዜ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ሲቀሩ የጾም ኬክ ቶሎ ይደርቃልና፣ ከምድጃ እንደ ወጣ በቀጭን ሽሮፕ ማራስ ለስላሳነቱን ያቆይለታል። በቀዝቃዛ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ስኳር ከሥር ሲዘቅጥ፣ ሽሮፕ ግን ወዲያው ይዋሐዳል።

ወፍራሙ ሽሮፕ ለተሕዋስያን የሚተርፍ ውሃ እምብዛም ስለሌለው ለብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ቀጭኑ ግን በፈላ ውሃ በታጠበ ጠርሙስ ተዘግቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ ለአንድ ወር ያህል ይቀመጣል። የደፈረሰ፣ አረፋ ያወጣ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ያለው ከሆነ ሳይቀመስ ይደፋ።