ማንም ተናግሮት የማያውቀው ቃል

“ዶርድ” ምን ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ ውስጥ የታተመውን ትልቁን የዌብስተር መዝገበ ቃላት ብትገልጡ መልሱ ቁጭ ብሏል፦ ስም፤ በፊዚክስና በኬሚስትሪ “እፍግታ” ማለት ነው። አነባበቡ ሳይቀር ተጽፎለታል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? እንዲህ የሚባል ቃል ጭራሽ አልነበረም!

ነገሩ የጀመረው በ1931 ከተጻፈች አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። የኬሚስትሪ አርታኢው ኦስቲን ፓተርሰን ማለት የፈለገው ቀላል ነበር፦ እፍግታ በአጭሩ ሲጻፍ በትልቁ ወይም በትንሹ “ዲ” ይወከላል። በእንግሊዝኛ “ወይም” ማለት “ኦር” ስለሆነ ወረቀቷ ላይ የሰፈረው “ዲ ኦር ዲ” ነው። በዚያ ቢሮ ግን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የሚገባ ቃል ፊደላቱ ተራርቀው ነበር የሚተየበው። ክፍተቱን ያየ ሰው ታዲያ ፊደላቱን ገጣጠማቸው፤ ምህጻረ ቃሉ ቃል ሆኖ ቁጭ! አነባበቡን የጨመረው ሰው ግን ቃሉን ከማን አፍ ሰምቶት ይሆን?

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1939 አንድ አርታኢ መዝገቡን ሲያገላብጥ የሆነ ነገር ከነከነው። ሌሎቹ ቃላት ከላቲን ወይም ከግሪክ መጡ እየተባለ ሥራቸው ተጽፏል፤ ዶርድ ግን ወላጅ የለውም። የቋንቋ ምሁሩ ዋልተር ስኪት እንዲህ ያሉትን ገና በ1886 “የመንፈስ ቃላት” ብሏቸው ነበር። ፋይሉ ተፈተሸ፣ ያቺ ቁራጭ ወረቀት ተገኘች፤ የማተሚያው ሰሌዳ ባስቸኳይ እንዲቀየርም ታዘዘ።