ታንኳና የኖርስ መርከብ

ታንኳ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ከደንገል የሚሠራ ጀልባ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ደለላቸውን እያራገፉ ጣና ከሚገቡበት ከፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ በስተምዕራብ ካለው ዳርቻ ጀምሮ እስከ ባሕር ዳርና ዘጌ ይታወቃል። በሥራው በተለይ የተካኑት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ታጭዶ የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ እየታሰረ ይጠፈራል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። ቀዛፊው በረጅም እንጨት ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከጉዞ መልስ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። ዕድሜው አጭር ነው፤ ይህ ግን እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ መሥሪያው እዚያው በቅሎ ይገኛልና።

ከጣና ርቆ ደግሞ ሌላ የባሕር ጉዞ ባህል ነበር፤ ባለቤቶቹ ኖርስ የሚባሉት የጥንት ስካንዲኔቪያውያን ናቸው፤ «የሰሜን ሰዎች» እንደ ማለት ነው። ኦዲንንና ቶርን ያመልኩ ነበር። ከ8ኛው እስከ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሳንቃዎችን ጠርዝ በጠርዝ ደርበው በብረት ምስማር በመቱት መርከብ አይስላንድን፣ ግሪንላንድንና ሰሜን አሜሪካን ረገጡ።

ሁለቱን ዓለማት ያቀራረበው ስሙን ከዚያው ከቶር የወረሰው ኖርዌያዊ ቶር ሄየርዳል ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ከጣና ደንገል አስጭኖ «ራ» የተሰኘችውን ጀልባ ግብፅ ውስጥ አሠራ፤ ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። የወይጦ እጅ አለመኖሩ ያስቆጫል። ራ ከሞሮኮ ተነሥታ አትላንቲክን ሳትጨርስ ተበታተነች። ሁለተኛዋ ራ በ1970 በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች።