ቮልዩሙ በማን እጅ ነው?

እማዬ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ደክሟል። ታናሽ እኅቴ በየእሑዱ ከሜሪላንድ ስትደውል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታዳምጥና ዞር ብላ «ምን አለች?» ብላ የምትጠይቀው እኛን ነው። ይኼ ሲከነክነኝ ቆይቶ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ፣ ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍን፣ ማይክ ያለው የዩኤስቢ ኤርፎን ገዛሁላት።

የመጀመሪያው እሑድ መዓት ሆነ። ቮልዩሙን አንድ አንድ እያልኩ ጨመርኩ። ዝም። ጨመርኩ። ዝም። ሠላሳ አካባቢ ስደርስ የእኅቴ ድምፅ እንደ መብረቅ ወረደ። እማዬ ኤርፎኑን ከራሷ ላይ ነቅላ ወረወረችው። «ልጄ፣ ያለችኝንም ጆሮ ልትወስድብኝ ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደ ላፕቶፑ አልጠጋም አለች።

ሻጩ ጋ ተመለስኩ። ደግ ሰው ነው፣ ቀየረልኝ። አዲሱም ያው። ገንዘብ ጨምሬ ሌላ ዓይነት ገዛሁ። እሱም ከዚያ ብዙም አይሻልም። ዕቃውን መራገም ትቼ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና አፍሉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

በልጅነታችን ቤት የነበረውን ሬዲዮ አስታውሱ። ቮልዩም ማለት አንድ ማዞሪያ ነበር። ቀጭ ሲል ይከፈታል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጨምራል፣ ወደ ግራ ሲመለስ ይቀንስና ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ድምፁን ማን ጨመረው? እጁ ማዞሪያው ላይ ያለው ሰው። በዜና ሰዓት ያ እጅ የአባባ ነበር፤ ክርክር የለም።

ይህች ተራ የምትመስል ማዞሪያ ግን በቀላሉ አልተገኘችም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ሬዲዮኖች ላይ ድምፅ የሚቀነሰው ቱቦው ውስጥ የምትግለውን ሽቦ በማደብዘዝ ነበር፤ የፋኖስ ክር ዝቅ እንደማድረግ ማለት ነው። በኋላ የካርቦን ማዞሪያ መጣ። ከእሱ ጋር ደግሞ አንድ ችግር መጣ፣ እሱም ጆሯችን ነው።

ጆሮ ድምፅን እንደ ሚዛን አይመዝንም። የድምፁ ጉልበት አሥር እጥፍ ሲያድግ ጆሯችን በግምት «እጥፍ ሆነ» ይላል። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፌክነር በ1860 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የስሜት ጠባይ በሒሳብ ሊያስረው ሞክሯል። የአሜሪካ የስልክ መሐንዲሶች ግን ከሽቦ ተማሩት። ድምፅ በስልክ መስመር ሲጓዝ ምን ያህል እንደሚደክም ይለኩ የነበረው በማይል ነው። በአንድ ማይል መደበኛ ገመድ ውስጥ የሚጠፋው ድምፅ አንድ መለኪያ ሆነ፤ ይህ ደግሞ ተራ ሰው ልብ ሊለው ከሚችለው ትንሹ ለውጥ ጋር ይቀራረብ ነበር። መለኪያው ተሻሽሎ በ1928 ለአሌክሳንደር ግርሃም ቤል መታሰቢያ «ዴሲቤል» ተባለ። እንግዲህ ዛሬ ስልካችን ላይ የምንጎትታት የድምፅ መስመር ሥሯ የስልክ ምሰሶ ነው።

ከዚህ የተነሣ ማዞሪያው ሲዞር ኤሌክትሪኩን እኩል እኩል ከጨመረ፣ በጆሮ ሲሰማ ድምፁ ገና ከመነሻው ይፈነዳል፤ የቀረው ዙር ሁሉ ለውጥ የሌለው ይሆናል። መሐንዲሶቹ መላ ዘየዱ። የካርቦኑን መንገድ እኩል አላደረጉትም፤ ማዞሪያው ግማሽ ላይ ሲደርስ ገና ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ያህሉን ብቻ እንዲለቅ አደረጉት። እኛ «ግማሽ አደረግሁት» የምንለው ግማሽ፣ ግማሽ ሆኖ እንዲሰማን ታስቦ የተሠራ ነው። እማዬ ላይ የደረሰው በሽታ መድኃኒቱ ከተገኘ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። ታዲያ እንዴት ተመልሶ መጣ?

ኮምፒውተር ድምፅ ማውጣት ሲጀምርም ማዞሪያው ወዲያው አልጠፋም። የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ በ1989 ያወጣው የመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር ካርድ ከጀርባው፣ ገመድ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ የቮልዩም መንኮራኩር ነበረችው። ድምፅ ለመቀነስ ከኮምፒውተሩ ጀርባ እጅ መስደድ ነው። አይመችም፤ ግን አንድ እጅ፣ አንድ መንኮራኩር ነው።

ነገሩ የተለወጠው በ1998 መጋቢት ላይ ነው። ዩኤስቢን ያወጡት ኩባንያዎች ማኅበር በዚያ ወር የድምፅ መሣሪያዎችን የሚገዛውን የመጀመሪያ ደንብ አወጣ። ደንቡ ትልቅ ነገር ነበር፣ አላናንቀውም። ከዚያ በፊት ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱ ሲዲ፣ የራሱ ድራይቨር፣ የራሱ ራስ ምታት ነበረው። ደንቡ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ማንኛውም የድምፅ መሣሪያ ሲሰካ ስለ ራሱ ይናገር። ቮልዩም አለህ? አለኝ። ዝቅተኛህ ስንት ነው? ከፍተኛህስ? በስንት በስንት ነው የምትራመደው? መሣሪያው ይመልሳል፣ ኮምፒውተሩ ያምናል። መለኪያውም እጅግ ረቂቅ ነው፤ አንዱ ዴሲቤል ለ256 ተከፍሏል፤ ከ127 በታች እስከ 127 በላይ ድረስ መናገር ይቻላል፤ «ፈጽሞ ዝምታ» ለሚለው እንኳ የተለየ ቁጥር ተመድቦለታል።

ይህ አሠራር የሥራ ቅጥር ነው ብላችሁ አስቡት። መሣሪያው ሲቪውን ያቀርባል፣ ቀጣሪው ሳያጣራ ይፈርማል። ሲቪ ላይ ደግሞ ምን እንደሚጻፍ እናውቃለን።

ርካሽ የዩኤስቢ ድምፅ ዕቃዎች ብራንዳቸው በመቶዎች ቢሆንም ውስጣቸው ያለው ቺፕ ጥቂት ዓይነት ነው። አምራቹ ቺፑን ይገዛል፣ ፕላስቲክ ያለብሰዋል፣ ስለ ቮልዩሙ የሚናገረውን ሠንጠረዥ ደግሞ ወይ እንዳለ ይተወዋል ወይ ከሌላ ዕቃ ይገለብጠዋል። እናም መሣሪያው «ከ127 ዴሲቤል በታች እጀምራለሁ» ይላል። በሰው ጆሮ ሲለካ የዚህ መሰላል ታችኛው ክፍል በሙሉ ዝምታ ነው። ሌላው ደግሞ «በጣም በትንሽ በትንሹ እራመዳለሁ» ይልና በተግባር የሚራመደው በትልልቅ ዝላይ ነው፤ አሥር ጊዜ ትጫናለህ ምንም የለም፣ በአሥራ አንደኛው ይዘላል። የማይችለውን ቁጥር ስትሰጠው ስህተት ነው አይልም፤ ዝም ብሎ ወደሚችለው ያጠጋጋዋል። እማዬን ያስጮሃት ይህ ነው።

ይህን ውሸት መዝግበው የያዙት የሊኑክስ ሰዎች ናቸው። ለእኔ የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል እዚህ ላይ ነው። የሊኑክስን የድምፅ ክፍል ቼኩ ያሮስላቭ ኪሴላ የጀመረው በዚያው በ1998 ነበር። ዊንዶውስ ውስጥ የሚሆነውን እኛ ማየት አንችልም፤ የሊኑክስ ጽሑፍ ግን ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ገብቶ ማንበብ ይችላል። የዩኤስቢ ድምፅ ክፍሉን ከከፈታችሁት ዋሾ መሣሪያዎች በመለያ ቁጥራቸው ተዘርዝረው ታገኛላችሁ፤ ይኼ ዝቅተኛውን አሳስቶ ይናገራል፣ ያኛው እርምጃውን፣ እነዚህ ዌብካሞች ደግሞ ሁሉም እርምጃቸው 384 ነው፣ ማለትም አንድ ተኩል ዴሲቤል፣ የነገሩንን አትስሙ። አንዱ ጸሐፊ እዚያው ኮዱ መካከል፣ አብዛኞቹ የዩኤስቢ ድምፅ መሣሪያዎች ስለ እርምጃቸው ይዋሻሉ የሚል ማስታወሻ ትቷል። ሳነበው ብቻዬን ሳቅሁ። በሰፈራችን ዕቁብ የማይከፍሉ ሰዎች ዝርዝር ነው የሚመስለው።

ከዝርዝሩ በላይ የገረመኝ ሌላ ነገር አለ። ሊኑክስ መሣሪያው የነገረውን ከሰማ በኋላ ይፈትነዋል። ቁጥር ይሰጠዋል፣ መልሶ ያነብበዋል፤ የተቀበለው የተሰጠውን ካልሆነ የእውነተኛ እርምጃውን መጠን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። የቮልዩሙ ስፋት ከልክ በላይ የበዛ ሲመስለው ደግሞ «ይህ የተነገረኝ ነገር ስህተት ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። የእኛ ላፕቶፕ አሮጌ ስለሆነ ኡቡንቱ ነው የጫንኩበት፤ መዝገቡን ከፍቼ ሳይ ስለ እማዬ ኤርፎን ይኸው ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ሦስት ሳምንት ሻጭ ሳመላልስ መልሱ ቤቴ ነበር።

ውሸቱ ግን ግማሹ ችግር ነው። ሌላው ግማሽ የእጅ መብዛት ነው።

በ2007 ገበያ ላይ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቮልዩም ሰጠ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ከዚያ በ2009 ዊንዶውስ 7 መጣና አንድ ነገር ጨመረ፤ ጥሪ መኖሩን ሲያውቅ የሌሎቹን ድምፅ ሁሉ ሰማንያ በመቶ ይቀንሳል። ማንንም ሳይጠይቅ። «ዙም ስከፍት ሙዚቃው ይጠፋል፣ ኤርፎኔ ተበላሽቷል» የሚሉ ወዳጆቼ ስንት ናቸው! በዚያው በ2009 የሊኑክሱ ፐልስኦዲዮ የፕሮግራሙንና የዋናውን ቮልዩም አንድ ላይ አሰረ። ያኔ አንዱ ፕሮግራም ለራሱ መቶ ብሎ ከጠየቀ ዋናው ራሱ መቶ ይሆናል፤ የሚደነግጠው የሰሚው ጆሮ ነው። ኡቡንቱን የመሰሉ ስርጭቶች ይህን ልማድ አጥፍተው ነው ያሰራጩት፣ ደግ አደረጉ። የስብሰባ ፕሮግራሞቹ በበኩላቸው የማይኩን መጠን ራሳቸው ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። በዚህ ሁሉ ላይ የኤርፎኑ ሽቦ ላይ ያለችው መንኮራኩር አለች፤ በአንዳንዱ ኤርፎን ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ ትልካለች፣ በአንዳንዱ ደግሞ ኮምፒውተሩ ምንም ሳያውቅ ራሷ ትቀንሳለች።

ቁጠሩት። ፕሮግራሙ፣ የኮምፒውተሩ ዋና ቮልዩም፣ የመሣሪያው የራሱ ቮልዩም፣ የሽቦው መንኮራኩር። አባባ በአንድ እጁ ይዞት የነበረውን ነገር አራት ባለሥልጣን ተካፍሎታል፣ አንዱ ሌላው የሚያደርገውን አያውቅም። አቤቱታ ይዘህ ብትሄድ ሁሉም «የሚመለከተው ያኛው መስኮት ነው» ይሉሃል። ይህን ዓይነት መሥሪያ ቤት የት እንዳየሁት ለእናንተ አልነግራችሁም።

መፍትሔ ለምትፈልጉ። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ኤርፎኑን ከጆሮ አውርዱ፤ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ይሞከር። ቀጥሎ አንዱን እጅ ብቻ ሹሙ፣ የቀሩትን አንድ ቦታ ላይ እሰሯቸው። የሽቦው መንኮራኩር ሙሉ ትሁን። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ስለ ጥሪ የሚናገረውን ገጽ ፈልጉና «ምንም አታድርግ» በሉት፤ የስብሰባ ፕሮግራሙም ማይኩን በራሱ እንዳያስተካክል ምልክቱን አንሡ። ቮልዩሙ የሚዘል ከሆነ ዋናውን ድምፅ መሰማት ከሚጀምርበት ቦታ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ተዉትና ከዚያ ወዲያ በየፕሮግራሙ ቮልዩም ብቻ ቀንሱ፤ እሱን የሚያሰላው ኮምፒውተሩ ስለሆነ አይዘልም። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የመሣሪያውን ቮልዩም እንዳይነካ፣ ቅነሳውን በሙሉ ራሱ በስሌት እንዲሠራው ማዘዝ ይቻላል። እኔ ያደረግሁት ይህን ነው።

ዋጋ አለው ወይ? አለው። በስሌት የተቀነሰ ድምፅ በየስድስት ዴሲቤሉ አንድ ቢት ያህል ጥራት ይጥላል። ሙዚቃ በጥሞና የሚሰማ ሰው ይህን ሊያስብበት ይችላል። የእኅቴ ወሬ ግን አራት ቢት ቢጎድልበት ማንም አያውቅም፤ ወሬው ራሱ ከዚያ በላይ ትርፍ አለው።

ለምን ይህን ያህል እንደተንገበገብኩ ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ጋር ባወጣው መመዘኛ ለአዋቂ ሰው የተቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10። አሁን በኤርፎን ሌሊቱን የሚሠሩትን ልጆች አስቡ፤ የጥሪ ማእከል፣ የትርጉም ሥራ፣ በኢንተርኔት ማስተማር። ቮልዩሙ አንዴ ሲዘል ስድስት ዴሲቤል ቢያልፍ ልጁ የመረጠው አይደለም፤ ያለው ምርጫ «አይሰማም» ወይም «ይጮሃል» ነው፣ ሥራ ስለሆነ የሚጮኸውን ይወስዳል። የጆሮ ውስጥ ስሱ ፀጉሮች ደግሞ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ጥፋቱ የተሠራው አንድ ሰው ፋብሪካ ውስጥ ሠንጠረዥ ሳይሞላ ስላለፈ ነው።

የሽቦዋን መንኮራኩር በፕላስተር አሸግኳት፣ እማዬ ሳታስበው እንዳታዞራት። ባለፈው እሑድ ኤርፎኑን መጀመሪያ እኔ ራሴ ላይ አድርጌ አሳየኋት፣ ከዚያ በብዙ ልመና አደረገችው። አንድ አንድ እያልኩ ጨመርኩ፤ ድምፁ አንድ አንድ እያለ መጣ። እኅቴ እንደ ልማዷ ከዚያ ማዶ «እማዬ ይሰማሻል? ይሰማሻል?» እያለች ትጮኻለች።

«ምን ያስጮህሻል» አለች እማዬ፣ «እዚሁ ነሽ እኮ።»