የአጭር ጥርስ ኢምፕላንት ታሪክ፤ ርዝመት ያለ አበሳው የተወቀሰበት ዘመን

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ሥሩን ታቅፎ ይዞት የነበረው የመንጋጋ አጥንት እንደነበረ አይቆይም፤ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳና ቁመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። አንትዬ ታልግሬን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የ25 ዓመት የክትትል ጥናት፣ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚያደርጉ ሰዎች ላይ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል ቁመት እንደሚያጣ አሳይተዋል። የበሽተኛው መከራ ድርብ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ተነቃዩን ጥርስ አጽንቶ መያዝ ያቃተው የሳሳ አጥንት፣ ኢምፕላንት ለመትከልም አይበቃም። ከታች በኩል የመንጋጋው ነርቭ፣ ከላይ በኩል ደግሞ ሳይነስ የሚባለው አየር የያዘ ዋሻ መንገዱን ይዘጋሉና።

የዘመናዊው ኢምፕላንት መነሻ ከጥርስ ሕክምና ውጭ ነበር። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ ዓመታት በሉንድ ከተማ የደም ዝውውርን ለማጥናት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የታይታኒየም መመልከቻ ይተክላሉ። ጥናቱ አልቆ መመልከቻውን ለማውጣት ሲሞክሩ ግን ብረቱ ከአጥንቱ ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1965 በጎተንበርግ በመጀመሪያው በሽተኛ መንጋጋ ላይ ኢምፕላንት ተከሉ። ብሮኔማርክ የጥርስ ሐኪም አለመሆናቸው ለብዙ ዓመታት ተቆጥሮባቸዋል፤ ሥራቸው በሰሜን አሜሪካ በሰፊው የታወቀው በ1982 ቶሮንቶ ላይ ከተካሄደው ጉባኤ በኋላ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያወጡት የ15 ዓመት ውጤት በታችኛው መንጋጋ 91 ከመቶ፣ በላይኛው ደግሞ 81 ከመቶ የሚሆኑት ኢምፕላንቶች ጸንተው መቆየታቸውን ያመለከተ ነበር።

የብሮኔማርክ ኢምፕላንት አጭሩ 7 ሚሊ ሜትር ነበር። ስሙ የጎደፈውም ይኸው አጭሩ ነው። ፍሪበርግና ባልደረቦቹ በ1991 ከ4,600 በላይ ኢምፕላንቶችን መርምረው ባወጡት ዘገባ፣ ገና በመጀመሪያው ጊዜ ከወደቁት መካከል 7 ሚሊ ሜትር የሆኑት በርክተው ተገኙ። ይህም “ረጅም ይሻላል” የሚለውን የቀደመ እምነት ያጸናው መሰለ። የእምነቱ ምንጭ ግን የተፈጥሮ ጥርስ ነበር። ከድዱ በላይ ያለው የጥርስ ክፍል ከሥሩ እንዳይረዝም የሚያዘው ደንብ፣ ሥሩ በጅማት ተንጠልጥሎ ለሚኖር ጥርስ የተሠራ ነው። ከአጥንት ጋር የተዋሐደ ብረት ጅማት የለውም። በኮምፒውተር የተሠሩ የጫና ስሌቶች በኋላ እንዳሳዩትም፣ የማኘክ ኃይል የሚከማቸው በኢምፕላንቱ አንገት ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ ሲሆን ወደ ጫፉ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በዚህ ረገድ ከርዝመቱ ይልቅ ውፍረቱ ይበልጥ ይጠቅማል።

ታዲያ አጫጭሮቹ ለምን ወደቁ? ሐኪሙ አጭሩን የሚመርጠው ለረጅሙ ቦታ ሲያጣ ነው፤ ይኸውም አጥንቱ በሳሳበት፣ ብዙውን ጊዜም በለሰለሰበት በኋለኛው የመንጋጋ ክፍል ነው። ደካማውን በሬ ድንጋያማ ማሳ ላይ ጠምዶ በሬውን እንደ መውቀስ ያለ ፍርድ ነበር። በዚያ ላይ የዘመኑ ኢምፕላንት ገጽ ልሙጥ ስለነበረ፣ አጥንት የሚይዝበት ስፋት ከርዝመቱ ጋር አብሮ ይቀንስ ነበር። ለስላሳውን አጥንት እንደ ጠንካራው አድርጎ መሰርሰርም የራሱን ጉዳት ጨምሯል።

ፍርዱ ያስከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። አጥንት ያነሳቸው በሽተኞች ከዳሌያቸው ወይም ከአገጫቸው አጥንት ተወስዶ እንዲተከልላቸው ይመከሩ ነበር። ቦይንና ጄምስ በ1980 ያሳተሙት የሳይነስን ወለል በአጥንት የማንሣት ዘዴም እየተስፋፋ ሄደ። ዘዴዎቹ ለብዙዎች የጠቀሙ ቢሆኑም ተጨማሪ ቀዶ ሕክምናን፣ የወራት ጥበቃንና ወጪን ይጠይቃሉ። ዕድሜያቸው የገፋና ሌላ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን ይህን የሚችሉት ከሁሉ ያነሰ ነው፤ አጥንታቸው ይበልጥ የሳሳውም ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው።

ለውጡ የመጣው በ1990ዎቹ በአሸዋና በአሲድ የሻከረ ገጽ ያላቸው ኢምፕላንቶች በተስፋፉ ጊዜ ነው። ሬኑዋርና ኒሳንድ በ2006 የቀደሙትን ጥናቶች ሲገመግሙ፣ ውድቀት የበዛው በልሙጥ ገጽ፣ በለሰለሰ አጥንትና በሐኪሞች የመለማመጃ ጊዜ በተሠሩት ሥራዎች ላይ መሆኑን ጠቆሙ። ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት ደግሞ በ2009፣ በሳሳ የታችኛው መንጋጋ ላይ አጥንትን ወደ ላይ ከማሳደግ ይልቅ አጭር ኢምፕላንት የተሻለ አማራጭ እንደሚመስል ገለጸ። የማስረጃው መጠን ትንሽ ቢሆንም፣ አጥንት በተተከለላቸው ላይ የታየው ችግር ይበዛ ነበር።

“አጭር” የሚለው ቃልም አጠረ። ቀድሞ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ያለው ሁሉ በዚህ ይጠራ ነበር፤ ዛሬ ብዙዎች የሚሉት 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ነው። በ2018 የታተመ የ10 ጥናቶች ድምር ግምገማ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆነ ክትትል ከእነዚህ አማካይ 96 ከመቶ፣ ከረጃጅሞቹ ደግሞ 98 ከመቶ ጸንተው መገኘታቸውን ዘግቧል። ሆኖም የአጭሮቹ ውጤት ከጥናት ጥናት ሰፊ ልዩነት ነበረው። ድድ ሲታመምና አጥንት ሲሸሽም ስሌቱ እኩል አይደለም፤ በ12 ሚሊ ሜትር ኢምፕላንት ዙሪያ 2 ሚሊ ሜትር አጥንት ቢጠፋ የጎደለው ስድስተኛው እጅ ነው፣ በ6 ሚሊ ሜትሩ ዙሪያ ግን ሲሶው።